የቤዝቦል ተጫዋቾችን ፊርማ በፖስታ ማሰባሰብ

አሜሪካ ውስጥ የቤዝቦል ካርድ የሚሰበስብ ሰው የተጫዋች ፊርማ ለማግኘት ሦስት መንገዶች አሉት። ስታዲየም ሄዶ አጥር ተደግፎ መጠበቅ፣ የተፈረመበትን ከነጋዴ መግዛት፣ ወይም ካርዱን በፖስታ ልኮ ተፈርሞ እስኪመለስ በትዕግሥት መቆየት። ሰብሳቢዎቹ ሦስተኛውን በአጭሩ «ቲቲኤም» ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ «በፖስታ በኩል» የሚለው ሐረግ ምህጻረ ቃል ነው። ካርድ፣ አጭር ደብዳቤ እንዲሁም የላኪው አድራሻ የተጻፈበትና ቴምብር የተለጠፈበት ተመላሽ ፖስታ አንድ ላይ ታሽገው ለተጫዋቹ ይላካሉ። ተጫዋቹ ይፈርማል፣ ተመላሹ ፖስታ ውስጥ ይከትታል፣ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይጥላል። መልሱ በሳምንት ሊደርስ ይችላል፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚመጣም አለ፤ ቀልጦ የሚቀረውም ብዙ ነው። ዕድል የራሱ ድርሻ አለው። የሆነ ሆኖ መልስ የሚበዛለትና የማይበዛለት ሰብሳቢ የሚለዩት ለማን፣ መቼና ምን እንደላኩ በማወቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ካርዱ

የቤዝቦል ካርድ አሁን የምናውቀውን መልክ የያዘው ቶፕስ በተባለው የብሩክሊን የማስቲካ ኩባንያ እጅ ነው። ኩባንያው በ1952 ያወጣቸው 407 ካርዶች ከፊት የተጫዋቹን ምስልና የክለቡን ዓርማ፣ ከጀርባ ደግሞ ውጤቱን በአኃዝ ይዘዋል። ከ1957 ጀምሮ መጠኑ 6.4 በ8.9 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጸና። በ1981 ፍሊርና ዶንረስ፣ በ1989 አፐር ዴክ ገበያው ውስጥ ገቡ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያዎቹ ካርድ ያለ ልክ አተሙ፤ በዚህም የተነሳ የዚያ ዘመን ካርድ ዛሬም በሳንቲም ይሸጣል። ለነጋዴ ኪሳራ የሆነው ይህ ክምር ፊርማ ፈላጊውን ጠቅሞታል። ለምሳሌ የ1987ቱ የቶፕስ ስብስብ 792 ካርዶች አሉት፤ ጠርዛቸው የእንጨት መልክ ያለው ሲሆን ካርቶኑ ቀለም በደንብ ይይዛል። አንዱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ማንም አያለቅስለትም።

አዲሶቹ ካርዶች የሚያስቸግሩት በልባጣቸው ነው። እንደ ቶፕስ ክሮም ያሉት አንጸባራቂ ካርዶች የማርከር ቀለም አይቀበሉም፤ ቀለሙ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቋጠራል፣ ጣት ሲነካውም ይለቀለቃል። የተለመደው መፍትሔ ፊርማው ያርፍበታል የሚባለውን ቦታ በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ወይም ጥቂት የሕፃናት ፓውደር በጥጥ አድርጎ በክብ በክብ እየዳሰሱ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው። ፓውደሩ በደንብ ካልተጠረገ የማርከሩ ጫፍ ላይ ተጣብቆ መስመሩን ያቆራርጠዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ልባጥ የሌለው ካርድ መምረጥ ነው። ቶፕስ ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያወጣው ሄሪቴጅ የተባለው ተከታታይ በድሮ ካርዶች መልክ ስለሚሠራ፣ ለዛሬ ተጫዋቾች ፊርማ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው እሱን ነው።

የምስሉ ቀለምም ይታሰብበታል። ሰማያዊ ማርከር ጥቁር መለያ ወይም ጨለማ የተመልካች መቀመጫ ላይ ሲያርፍ አይታይም፤ ነጭ መለያ ወይም ሰማይ ሰፋ ብሎ የሚታይበት ካርድ ይመረጣል። ፊርማው አስቀድሞ የታተመባቸው ካርዶች፣ ለምሳሌ የ1975ቱ ቶፕስ፣ እውነተኛው ፊርማ በታተመው ላይ ተደርቦ ሁለቱም እንዲበላሹ ያደርጋሉ።

ለማን፣ መቼ

ጀማሪ መጀመሪያ የሚጽፈው ለኮከቦች ነው፤ ወዲያው የሚሰለቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስመ ጥር ተጫዋች የሚደርሰው ደብዳቤ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ብዙዎቹም ፊርማቸውን የሚሸጥላቸው ኩባንያ ጋር ውል አላቸው። መልስ የሚገኘው ማንም ከማይጽፍላቸው ሰዎች ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሦስት አራት ዓመት ተጫውተው የተረሱት፣ ዛሬ ምክትል አሠልጣኝ የሆኑት፣ ጨዋታ የሚያስተላልፉት የቀድሞ ተጫዋቾች፣ እንዲሁም ገና ከዋናው ሊግ በታች ባለው ማይነር ሊግ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ይገኙበታል። በተለይ አሠልጣኞች ችላ የተባሉ ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ከክለቡ ጋር አሉ፣ የድሮ ካርዳቸው ርካሽ ነው፣ የራሳቸውን የወጣትነት ፎቶ ሲያዩም ደስ ይላቸዋል።

ከጊዜ ሁሉ የሚመረጠው የቅድመ ውድድር ልምምድ ወቅት ነው። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ 15 ክለቦች ፍሎሪዳ፣ 15ቱ አሪዞና ይሰፍራሉ። ተጫዋቹ ስድስት ሳምንት ያህል አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ልምምዱ ማለዳ ነው፣ ውጥረቱም ገና አልጀመረም። የዋሽንግተን ናሽናልስ ተጫዋቾችን የሚፈልግ ሰው ክለቡ ከ2017 ጀምሮ ከሂውስተን አስትሮስ ጋር ወደሚጋራው ዌስት ፓልም ቢች ይጽፋል እንጂ፣ በዚያ ወቅት ወደ ዋሽንግተን አይልክም። ደብዳቤው በፌብሩዋሪ ሦስተኛ ሳምንት ቢደርስ ጥሩ ነው። ማርች ሲያልቅ የደረሰ ደብዳቤ ክለቡ ዕቃ ሲሸክፍ ሳጥን ውስጥ ተረስቶ ሊከርም ይችላል።

ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ አንድ ክለብ ከሚያደርጋቸው 162 ጨዋታዎች 81ዱ ከሜዳው ውጪ ናቸው፤ ደብዳቤም ልብስ መቀየሪያው ክፍል ይከማቻል። በጁላይ መጨረሻ አካባቢ አለመላክ ይመከራል። የዝውውር ጊዜው የሚዘጋው ያኔ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ሄዶ ደብዳቤው ብቻውን የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ማይነር ሊግ ውስጥ ደግሞ ከ2021 ወዲህ በዋናው ሊግ ሥር ያሉት ክለቦች 120 ሲሆኑ፣ ወጣቶቹ ከደረጃ ደረጃ የሚዘዋወሩት ሳይታሰብ ነው።

አድራሻን በተመለከተ፣ የክለቦቹ ሁሉ የስታዲየም አድራሻ በይፋ የሚታወቅ ነው። የተጫዋቹ ስም ይቀድማል፣ ከሥሩ «በክለቡ በኩል» የሚል ይከተላል፣ ከዚያ የስታዲየሙ አድራሻ። ጡረታ ለወጡት ወደ ቤታቸው መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙዎቹም አይከፉም። አሁን እየተጫወተ ላለ ሰው ወደ ቤቱ መላክ ግን ነውር ነው፤ ቢመለስ እንኳ ሌላውን ሰብሳቢ ሁሉ የሚያስጠላ ሥራ ነው።

ፖስታው

ትልቁ ፖስታ አሜሪካ ውስጥ ቁጥር 10 የሚባለው፣ 10.5 በ24 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነው። ተመላሹ ትንሹ ቁጥር 6¾ (9.2 በ16.5 ሴንቲ ሜትር) ቢሆን ሳይታጠፍ ውስጡ ይገባል፣ ካርዱንም በልኩ ይይዛል። ሁለቱም ሙጫቸው በምራቅ የሚረጥብ ሳይሆን ወረቀቱ ተልጦ የሚጣበቅ ዓይነት ይሁን፤ ፍሎሪዳ እርጥበቷ ከባድ ስለሆነ ተራው ሙጫ ተመላሹን ፖስታ መንገድ ላይ አሽጎት ይደርሳል፤ ተጫዋቹም ቀድዶ ከመክፈት መጣል ይቀለዋል።

የአሜሪካ ፖስታ ቤት በመደበኛ ቴምብር የሚወስደው እስከ 1 አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ ነው። ሁለት ካርድ 3.5 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ከአንድ ገጽ ደብዳቤና ከሁለቱ ፖስታዎች ጋር 20 ግራም ገደማ ስለሚሆን በአንድ ቴምብር ይሄዳል። ካርዱ እንዳይታጠፍ ወፍራም ካርቶን ሲጨመር ሒሳቡ ይፈርሳል። ክብደቱ ያልፋል፣ ፖስታውም ስለሚጠነክር ደብዳቤ በሚለየው ማሽን ሲያልፍ መታጠፍ አይችልም፤ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አለ። ውፍረቱ ከሩብ ኢንች (6 ሚሊ ሜትር) ካለፈ እንደ ደብዳቤ መቆጠሩም ይቀራል። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች የእህል ቁርስ ካርቶን የሚያህል ስስ ቁራጭ አንድ ብቻ ይጠቀማሉ። ማርከር አብሮ መላክ ጨርሶ አይገባም፤ እብጠቱ ማሽኑ ውስጥ ፖስታውን ይቀድደዋል።

ተመላሹ ላይ የሚለጠፈው «ፎርኤቨር» የሚባለው፣ ዋጋ ቢጨምርም የሚያገለግለው ቴምብር ነው። መልሱ ሁለት ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በጁላይ 2025 ብቻ መደበኛው ቴምብር ከ73 ወደ 78 ሳንቲም ወጥቷል። በሁለቱም ፖስታዎች የግራ ራስጌ ላይ የላኪው የራሱ አድራሻ ይጻፋል። ተመላሹ ክዳን ውስጥ ደግሞ የተጫዋቹ ስም በእርሳስ በትንሹ ይጻፍ። የዛሬ ተጫዋች ፊርማ አንድ ፊደልና አንድ ጭረት በመሆኑ፣ ካርዱ ሌላ ሰው ተለውጦበት ወይም ባዶ ወረቀት ተፈርሞ ሲመጣ ከማን እንደመጣ ማወቂያው ያ ብቻ ይሆናል። የድሮዎቹ እንዲህ አልነበሩም። የሚኒሶታ ትዊንስ ክለብ ተጫዋች የነበረው ሃርሞን ኪልብሩ እያንዳንዱ ፊደል የሚነበብ ፊርማ በመፈረም የታወቀ ነበር፤ ቶሪ ሀንተርንና ማይክል ከዳየርን የመሳሰሉ የክለቡን ወጣቶችም ስማቸው እንዲነበብ አድርገው እንዲፈርሙ ይመክራቸው ነበር።

ካርድ ከሁለት አይበልጥም። አምስት ስድስት የላከ ሰው ነጋዴ ይመስላል። በሁለቱ ካርዶች መሐል ንጹሕ ወረቀት ይደረጋል፤ ተጫዋቹ ፈርሞ ወዲያው ሲደራርባቸው ያልደረቀው ቀለም ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ነው። ካርዱን በጠባብ ፕላስቲክ ሸፍኖ መላክ አይመከርም። መቶ ደብዳቤ ፊት ለፊቱ የተከመረበት ሰው ፕላስቲክ እያወለቀ አይፈርምም፤ ወይም ፕላስቲኩ ላይ ይፈርማል።

ደብዳቤው በእጅ ይጻፍ፣ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ሰላምታ፣ ስለዚያ ተጫዋች ብቻ የሚሆን አንድ ነገር፣ ጥያቄውና ምስጋናው ይበቃል። «ታላቅ አድናቂህ ነኝ» የሚል ለማንም የሚሆን ደብዳቤ ወዲያው ያስታውቃል። ከዋናው ሊግ ተጫዋቾች ከሩብ በላይ የሆኑት የተወለዱት ከአሜሪካ ውጪ፣ በተለይ ዶሚኒካን ሪፐብሊክና ቬንዙዌላ ስለሆነ፣ ለእነሱ ሁለት መስመር ስፓኒሽ መጨመር ያግዛል። ፊርማው በስም እንዲሆን መጠየቅ («ለእገሌ» ተብሎ) የመሸጫ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ላኪው ነጋዴ አለመሆኑን ስለሚያሳይ ግን መልስ የማግኘት ዕድልን ይጨምራል። የሌለ የታመመ ልጅ እየፈጠሩ የሚጽፉም አሉ፤ ተጫዋቾች ይህን ስለለመዱት ውሸቱ የሚጎዳው እውነት የሚጽፈውን ነው።

አንዳንድ ጡረተኞች ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት የሚያውሉም አሉ። ክፍያ አስቀድሞ ማጣራት ተገቢ ነው፤ ያለ ክፍያ የተላከ ካርድ ሳይፈረም ከዋጋ ዝርዝር ጋር ሊመለስ ይችላል።

እውነተኛ ነው ወይ?

ተፈርሞ የመጣ ሁሉ በተጫዋቹ እጅ የተፈረመ አይደለም። ማኅተም፣ ፊርማ የሚጽፍ ማሽን፣ አንዳንዴም የልብስ መቀየሪያ ክፍል ሠራተኛ ወይም የቤተሰብ ሰው ሊሆን ይችላል። በማጉያ መነጽር ሲታይ የታተመ ፊርማ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ነው። ማኅተም ቀለሙ ከዳር ከዳር ይወፍራል፣ መስመሮች ሲሻገሩም የትኛው በየትኛው ላይ እንዳለፈ አይለይም። የማሽን ፊርማ ደግሞ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፣ አጀማመሩና አጨራረሱ በነጥብ ይዘጋል፤ ከሌላ ሰው ካርድ ጋር ሲደራረብ ፍጹም ይገጥማል። ሰው ሁለቴ አንድ ዓይነት አድርጎ አይፈርምም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» በተባለው ዘመቻ ሐሰተኛ የስፖርት ፊርማ የሚያመርት ትልቅ መረብ በጣጠሰ። ዋናው ሊግ በ2001 የራሱን የማረጋገጫ ሥርዓት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ ሥርዓት ታዛቢ ሲፈረም በዓይኑ አይቶ ቁጥር ያለው ሆሎግራም ይለጥፋል። በፖስታ የመጣ ፊርማ ታዛቢ ስለሌለው ይህን በጭራሽ አያገኝም። ያለው አማራጭ ፊርማን ከናሙና ጋር እያነጻጸሩ አስተያየት የሚሰጡ የግል ድርጅቶች ናቸው፤ ለተራ ተጫዋች ግን ክፍያቸው ከካርዱ ዋጋ ይበልጣል። ፖስታው ከነቴምብር ምቱ መቀመጥ ያለበትም ለዚህ ነው። ከተማውንና ቀኑን ስለሚያሳይ፣ ክለቡ በዚያን ጊዜ የት እንደነበር ማመሳከር ይቻላል።

በፖስታ አንድን ሙሉ ስብስብ ለማስፈረም የሚሞክሩም አሉ። የ1973ቱ ቶፕስ 660 ካርዶች አሉት፤ ይህን ስብስብ የጀመረ ሰው እንደማይጨርሰው ከመነሻው ያውቃል። ቁጥር 50 ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ነው። ኒካራጓ ውስጥ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች ዕርዳታ ጭኖ ሲሄድ በዲሴምበር 31፣ 1972 አውሮፕላኑ ወደቀ፤ ካርዱ የወጣው እሱ ከሞተ በኋላ በመሆኑ እሱ የፈረመበት አንድም ቅጂ የለም።

ከአሜሪካ ውጪ ለሚልክ

ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ የሚጽፍ ሰው የሚገጥመው ችግር ተመላሹ ቴምብር ነው። የኢትዮጵያ ቴምብር ከአሜሪካ ለሚነሳ ደብዳቤ አያገለግልም፤ ተመላሹ ላይ መለጠፍ ያለበት የአሜሪካ ቴምብር ነው፣ ለውጭ አገር ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት። ከሁሉ የሚቀለው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ዘመድ ካለ ተመላሹን ፖስታ በእሱ አድራሻ አድርጎ፣ ካርዶቹ ሲጠራቀሙ በሰው እጅ ማስመጣት ነው። በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ የሚፈልግ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ይጻፍ፤ ተጫዋቹ የሚጨምረው ነገር እንዳይኖር የአገሩ ስም በእንግሊዝኛ በትልልቅ ፊደል ከመጨረሻው መስመር ላይ ይሁን።