ፋይልን ከወዳጅ ጋር በቀጥታ ማመሳሰል፦ በድሬዳዋና በሐረር መካከል

ፋይልን በቀጥታ ማመሳሰል ሁለት ሰዎች በየኮምፒውተራቸው ያለን አንድ ፎልደር፣ ይዘቱን በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ሳያስቀምጡ፣ ዘወትር አንድ ዓይነት አድርገው የሚያቆዩበት አሠራር ነው። አንዱ ጋ የገባ ፎቶ ሌላው ጋ ይደርሳል፤ አንዱ ያረመው ጽሑፍ ሌላውም ጋ ታርሞ ይገኛል።

በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደንገጎን ዳገት ለሚመላለስ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ለአንድ የሠርግ ቪዲዮ ግን ሩቅ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሠርግ የሚቀርጽ ባለሙያና ሐረር ላይ ተቀምጦ የሚያቀናብር ባልንጀራው በቅድሚያ የሚያስቡት ፍላሽ ወይም ቴሌግራም ነው። ፍላሹ በሚኒባስ ይላካል፤ መንገድ ላይ ከጠፋ ያገኘው ሰው ሁሉ ይከፍተዋል። የሙሽሮቹ ገመና በማይታወቅ ሰው እጅ ሊገባ የሚችልበት አሠራር ስለሆነ እንደ ቀላል ነገር መታየት አልነበረበትም። ቴሌግራም ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በተራው ውይይት የተላከ ፋይል በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚዘልቅ ምስጠራ፣ ማለትም ከሁለቱ በቀር ማንም እንዳያነበው የሚቆልፍ ዘዴ፣ ያለው ምስጢራዊ በሚባለው ውይይት ብቻ ነው። ፎቶም በፋይል መልክ ካልተላከ ጥራቱ ይቀንሳል።

ለቀጥታ ማመሳሰል በሰፊው ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ ሲንክቲንግ (Syncthing) ነው። ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን ነፃና ምንጩ ክፍት ነው፣ ማለትም የተጻፈበትን ኮድ ማንም ማየት ይችላል፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። በመሣሪያዎቹ መካከል የሚያልፈው ሁሉ የተመሰጠረ ነው። ፋይሉን በትናንሽ ክፍልፋዮች ከፋፍሎ ስለሚያነጻጽር፣ ከትልቅ ፋይል ጥቂቱ ብቻ ሲለወጥ ሁሉንም እንደገና አይልክም። የዳታ ጥቅል ቆጥሮ ለሚጠቀም ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የደኅንነቱ ቁልፍ ያለው በመተዋወቁ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ለመሣሪያው ማንነቱን የሚያረጋግጥ የራሱ ዲጂታል ምስክር ወረቀት ይፈጠርለታል፤ ከዚያም በፊደልና በቁጥር የተጻፈ፣ 56 ምልክት ያለው ረጅም መለያ ይወጣል። ሁለቱ ወዳጆች የየራሳቸውን መለያ ይለዋወጡና እያንዳንዱ የሌላውን በመሣሪያው ላይ ይመዘግባል። መለያው ምስጢር አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢያውቀውም ባለቤቱ ካልፈቀደለት አይገባም። ነገር ግን የደረሰን መለያ በእርግጥ የወዳጃችን መሆኑን ማረጋገጥ የግድ ነው። የወዳጃችንን የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ የሰረቀ ሰው የራሱን መለያ ልኮ «ይህን መዝግብ» ሊለን ይችላል። ስለዚህ በድሬዳዋው ሰፈር በከዚራ ሻይ እየጠጡ የአንዱን የኪው አር ምልክት በሌላው ስልክ ማንሳት፣ ካልተቻለም ደውሎ ድምፁን ከሚያውቁት ሰው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር ይገባል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

ሁለቱም በተለያየ ከተማ ሆነው ሲገናኙ ሌላ ችግር ይነሳል። በሞባይል ዳታ የተገናኘ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ የለውም። ሁለቱ በቀጥታ መገናኘት ሲያቅታቸው ፕሮግራሙ በማስተላለፊያ ሰርቨር በኩል ያገናኛቸዋል። ማስተላለፊያው የፋይሉን ይዘት ማንበብ አይችልም፤ የትኞቹ አድራሻዎች እንደተገናኙና ምን ያህል ዳታ እንዳለፈ ግን ያያል። ፍጥነቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ለከባድ ፋይል ከሁሉ የሚሻለው አንድ ዋይፋይ ላይ መገናኘት ነው፤ በዚያ ጊዜ ኢንተርኔት ጭራሽ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ በአንድ ራውተር ዙሪያ የተቀመጡ ኮምፒውተሮች ፋይል ከመለዋወጥ የሚከለክላቸው አልነበረም። በግንብ በታጠረችው የድሮ ሐረር፣ በጁገል ውስጥ ያሉት የድሮ ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የዋይፋይን ኃይል ስለሚያዳክም፣ እዚያ ኮምፒውተሩንና ራውተሩን አንድ ክፍል ውስጥ ማድረግ ይመረጣል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ያለ ጎርፍ አልበምንም ሃርድ ዲስክንም አይለይም። የቤተሰብ ፎቶና የሰነድ ቅጂ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር፣ በወዳጅ ቤት፣ ሌላ ቅጂ ቢኖረው ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ማመሳሰል መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። አንዱ ፋይል ሲያጠፋ ጥፋቱም ይመሳሰላል፤ በቫይረስ የተበላሸ ፋይልም እንዲሁ ተበላሽቶ ይተላለፋል። ለዚህ ሲንክቲንግ የቆዩ ቅጂዎችን የሚያስቀምጥ አማራጭ አለው፤ ሲጫን በራሱ ስለማይበራ በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ሆን ብሎ ማብራት ያስፈልጋል። ከዚህ በተጨማሪ ለብቻው የሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ መኖር አለበት። ሁለቱም በአንድ ጊዜ አንድን ፋይል ካረሙት ሁለቱም ቅጂ ይቀመጣል፤ አንዱ በሌላ ስም ይሰየማል።

ምስጠራው የሚጠብቀው መንገድ ላይ ያለውን ነው። ፋይሉ ደርሶ በወዳጅ ኮምፒውተር ላይ ሲያርፍ እንደማንኛውም ፋይል ክፍት ነው፤ ኮምፒውተሩ ከተሰረቀና ዲስኩ ካልተመሰጠረ ሌባው ያነበዋል። ወዳጁ ቅጂውን እንዲያኖር ብቻ እንጂ እንዲያነብ ካልተፈለገ፣ ፋይሉን በይለፍ ቃል አመስጥሮ የሚልክ ሌላ አማራጭ አለ። በዚህ መንገድ የሐረሩ ወዳጅ ዕቃውን ተቆልፎ እንዳለ ይጠብቃል፤ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ባለቤት ግን ቅጂውን እሱም መክፈት አይችልም።

ሽርክናው ሲያበቃ የወዳጅን መለያ ከዝርዝሩ መሰረዝ ይቻላል። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር አይደርሰውም፤ ቀድሞ የደረሰው ግን በእጁ ይቀራል። ስለዚህ የድሬዳዋው ባለሙያ የሙሽሮቹን ፎልደር ለማን እንደሚያጋራ ማሰብ ያለበት መለያውን ከመመዝገቡ በፊት ነው።