«ተዘባበተና ወዲያው ተቀሠፈ» ስለሚባለው ዘፋኝ፦ የተሳሳተው ወሬ እና እውነታው

«በፈጣሪ ላይ የተዘባበቱ ሰዎች መጨረሻ» የሚል መልእክት በየዐቢይ ጾሙ ስልኬ ላይ ይደርሰኛል። ዘንድሮ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ መኪናችን ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ይህንኑ ከስልካቸው ጮክ ብለው አነበቡልን፤ ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ ሙዚቃ ቡድን ዘፋኝ ጆን ሌነን «ከኢየሱስ እበልጣለሁ» ብሎ ወዲያው በጥይት ተመታ ይላል። ዕድሜዬን በእንግሊዝኛ መምህርነት የፈጀሁ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በመድረክ ላይ ፎክሮ ተናገረው ይባላል። ከለንደን ወጣ ብሎ በነበረው ቤቱ ተቀምጦ፣ ቀድሞ ለሚያውቃት ጋዜጠኛ ለሞሪን ክሊቭ ያወራው ነው፤ ኢቭኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጣ ላይ የወጣውም የካቲት 25 ቀን 1958 ዓ.ም. ነበር።

ዓለም በሙሉ ባንድ ጊዜ ተነሣበት ይባላል። እንግሊዝ አገር ትንፍሽ ያለ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ቁጣው የተቀሰቀሰው ከአምስት ወር ገደማ በኋላ፣ ዴትቡክ የተባለ የአሜሪካ ወጣቶች መጽሔት ንግግሩን ነጥሎ ሲያወጣውና የአላባማ የሬዲዮ አቅራቢዎች የቢትልስን ዘፈን አናሰማም ሲሉ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያበግነኝ ልምጣ። ሌነን «እበልጣለሁ» አላለም። ያለው፣ ባልደረቦቹንም ጨምሮ፣ «በአሁኑ ጊዜ ከኢየሱስ ይልቅ እኛ በሰው ዘንድ ዝነኞች ነን» የሚል ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለተማሪዎቼ ሰጥቼ ሳስተረጉም በአብዛኛው ደብተር ላይ «ከኢየሱስ እንበልጣለን» ተብሎ አገኘዋለሁ፤ በእንግሊዝኛው «ዝነኛ» ለማለት የገባችው «ፖፑላር» የምትለዋ ቃል የት ገባች ብዬ ስጠይቅ «ያው ነው፣ መምህር» ይሉኛል። ያው አይደለም። የእሑድ ኳስ ከቅዳሴ ይልቅ ብዙ ወጣት ይሰበስባል ብለው በዐውደ ምሕረት የሚናገሩ ቄስ፣ ኳስ ከቅዳሴ ይበልጣል ማለታቸው ነውን? እርሳቸው እያዘኑ ነው የሚናገሩት። ሌነንም እያዘነ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም፤ ክርስትና እየሳሳ ይጠፋል ብሏል፣ ኢየሱስን «ደኅና ነበር» ሲል ደቀ መዛሙርቱን ግን ደነዝና ተራ ሰዎች ብሎ ዘልፏል። የተዋሕዶ ልጅ ነኝና ይህ እኔንም ያመኛል፤ ሰው ባለው ይወቀስ፣ ያላለውን ግን በአፉ አናጉርሰው።

«ወዲያው ተቀሠፈ» የሚለውን ለማፍረስ መደመርና መቀነስ ይበቃል። ኒው ዮርክ ውስጥ በሚኖርበት ሕንፃ በር ላይ የተገደለው ኅዳር 29 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው፤ ንግግሩ ከታተመ ከ14 ዓመት ከ9 ወር በኋላ። ገዳዩ በዚያ ንግግር ቂም ይዞ እንደነበር ተነግሯል፤ ራሱ ግን የአመክሮ ጥያቄው በታየ ቁጥር ዝና ፈልጎ እንደገደለ ተናግሯል። መቅሠፍት ቆጣሪዎቹ የሚዘሉት ነገርም አለ፦ በቴክሳስ ሎንግቪው ከተማ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ነሐሴ 7 ቀን 1958 ዓ.ም. የቢትልስን ሸክላዎች በአደባባይ አስቃጠለ፤ በማግስቱ የጣቢያውን ማማ መብረቅ መታው። ይህንንስ በማን ላይ እናላክክ?

ይቅርታ አልጠየቀም የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ነሐሴ 5 ቺካጎ ውስጥ በጋዜጠኞች ፊት ጠይቋል። ቡድኑ በዚህ ሰበብ ፈረሰ የሚሉ አሉ፤ የፈረሰው በ1962 ዓ.ም. ነው። እየተዘዋወሩ መዝፈን ግን በዚያው በ1958 ነሐሴ አቁመዋል፣ አያስደንቅምም። ነሐሴ 13፣ የእኛ ልጆች ጅራፍ በሚያጮሁበት በቡሄ ዕለት፣ ሜምፊስ ላይ ርችት ተወርውሮ ሲፈነዳ አራቱም የቡድኑ አባላት አንዳቸው በጥይት የተመታ መስሏቸው መድረክ ላይ እርስ በርስ ተያይተዋል።

እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ ቃሉ ለማን፣ መቼ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረ ሳትጠይቁ ለሌላ አትላኩ፤ ቀን ያልተጻፈበትን ከነጭራሹ ተዉት፤ ትርጉሙ ካጠራጠራችሁ የእንግሊዝኛ መምህር ጠይቁ፣ በየወረዳው ሞልተናል።

ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ ስነግራቸው በትዕግሥት ሰሙኝና መነጽራቸውን አስተካክለው «ሐዋርያትን ደነዝ ያለው ግን እውነት ነው?» አሉኝ። «እውነት ነው፣ አባቴ» አልኋቸው። «እንግዲያው እሷን ብቻ ልላካት» ብለው ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ ፊደል በፊደል ሲጽፉ ቆዩ።