አሮጌ ባሩድ፦ የቱ ይሠራል፣ የቱ ይጣላል

ደሴ ሸዋ በር ካለው የአያቴ ቤት፣ ከአልጋ ስር የወጣ ዝናር አለ። ቆዳው ደርቆ ቋንጣ መስሏል። ሰባት የውጅግራ ጥይት ቀርቶበታል። ቀለሃቸው አረንጓዴ አውጥቷል፣ የአንዱ ደግሞ አንገቱ ተሰንጥቆ ጥቁር ዱቄት ያንጠባጥባል። አጎቴ አንዱን እያገላበጠ «የሚያረጀው ሰው ነው እንጂ ባሩድ አያረጅም» አለ። ግማሹ ልክ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ጣት ያስቆርጣል።

ባሩድ ስንል የምናወራው ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። ጥቁሩ ባሩድ የከሰል፣ የድኝና የናይትሬት ጨው ድብልቅ ነው። እርጥበት ካላገኘው መቶ ዓመት ቢቀመጥም ኃይሉ አይሄድም፣ የአጎቴ አባባል የሚይዘው እዚህ ላይ ነው። ውጅግራ (ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው) እ.ኤ.አ. የ1874 ጠመንጃ ስለሆነ ጥይቱ የሚሞላው በዚሁ ጥቁር ባሩድ ነበር። በነገራችን ላይ ይህ ጥይት ድሮ እንደ አሞሌ ጨው የጠገራ ብር መልስ ሆኖ ይሰጥ ነበር። አስቡት፣ በርበሬ ገዝታችሁ መልሳችሁ ጥይት ሲሆን። ያኔ ባዶ ቀለሃም አይጣልም፣ ተለቅሞ እንደገና ይሞላ ነበር።

ጭስ አልባው ባሩድ ሌላ ጣጣ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ሠራው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሌቤል ጠመንጃ ይዞት ወጣ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደሴን ሲይዝ ወታደሮቹ የታጠቁት ጥይትም ጭስ አልባ ነበር። የዚህ ባሩድ መሠረት ናይትሮሴሉሎስ (በናይትሪክ አሲድ የተለወጠ ጥጥ ወይም እንጨት) ነው። ችግሩ ደግሞ ማንም ሳይነካው፣ ቆርቆሮው ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦም ቀስ እያለ መፈራረሱ ነው። ሲፈራርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ መልሶ መፈራረሱን ያፋጥነዋል፣ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይብስበታል፣ እና ብዙ ሆኖ አንድ ቦታ ከተከማቸ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊነድ ይችላል። ለዚህ ሲባል ፋብሪካዎች ዳይፌኒልአሚን የመሰለ ማረጋጊያ ይጨምሩበታል። ማረጋጊያው ጋዙን እየዋጠ ያቆየዋል፣ ግን እሱም አንድ ቀን ያልቃል። ይህን የፈረንሳይ ባሕር ኃይል በከባድ ዋጋ ነው የተማረው። «ኢየና» የተባለችው የጦር መርከብ በ1907፣ «ሊበርቴ» ደግሞ በ1911 እ.ኤ.አ. ቱሎን ወደብ ላይ ፈነዱ። ጣት የተቀሰረው በተበላሸ ባሩድ ላይ ነበር።

ስለዚህ ከዕድሜው ይልቅ የት ተቀመጠ የሚለው ይበልጣል። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ባሩድ ብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል። የእኛን አገር ብቻ ብናይ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ማታ ማታ ጋቢ ታስለብሳለች፣ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ግን ጃኬት ይወልቃል። ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ ውስጥ ከቆርቆሮ ጣራ ስር ያለ ሳጥን እንዴት እንደሚግል እዚያ የኖረ ያውቀዋል። ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ የተሰቀለማ አይነሳ።

መበላሸቱ በአፍንጫ ይለያል። ደህናው ጭስ አልባ ባሩድ ኤተር ወይም አልኮል ይሸታል። የተበላሸው አፍንጫ የሚሰረስር የአሲድ ሽታ አለው። የዝገት መልክ ያለው ዱቄት ይታይበታል፣ የቆርቆሮው ክዳን ከውስጥ ይበላል፣ ሲብስ ቀይ ቡናማ ጭስ ያወጣል። እዚህ የደረሰ ባሩድ ለምንም አይሆንም። ከደህናው ጋር ቀላቅሎ «ማዳን» የሚባል ነገርም የለም፣ ደህናውን ማበላሸት ነው።

እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ባዶ ቀለሃን ቤት ውስጥ በባሩድ እንደገና መሙላት ሕጋዊ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። እዚያ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው፦ ፋብሪካው ማምረት ያቆመው፣ ግን ሽታው ደህና የሆነ ባሩድ ምን ይደረግ? የሚታመነው መልስ ጠባብ ነው። ከነዋናው ቆርቆሮውና ጽሑፉ መሆን አለበት። ቀለሃው ውስጥ የሚገባው የባሩድ ልክ ከዚያው ዘመን ከአምራቹ መመሪያ ይወሰዳል፣ የሚጀመረውም ከዝቅተኛው ነው። በስም ተመሳሳይነት መተማመን ደግሞ ያስበላል። ሆጅደን የተባለው አሜሪካዊ ባሩድ ሻጭ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጦር ትርፍ ባሩድ ገዝቶ 4831 ብሎ ሸጠ፣ በኋላ ዱፖንት የተባለው ፋብሪካ ያንኑ ቁጥር የያዘ ሌላ ባሩድ አወጣ፣ የዱፖንቱ ግን ፈጠን ብሎ ይነዳል፣ በዚያው ልክ ሲሞላ ግፊቱ ይበልጣል። የአንዱን ልክ ለሌላው የወሰደ ሰው አፈሙዙን ሳይሆን ፊቱን ነው አደጋ ላይ የሚጥለው።

ስም የሌለው ባሩድስ? ማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ የተገኘ፣ ከሌላ ጥይት የተራገፈ፣ «ይሄን ይመስላል» የተባለ? እሱን መጣል ነው። በዓይን አይለይም፣ ሁለት የሚመሳሰሉ ባሩዶች ፍጥነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። እዚያ አገር ጥቂቱን አትክልት ላይ በትነው ለናይትሮጅኑ የሚጠቀሙበት አሉ። ባዶ ቆርቆሮውን ደግሞ ሰብሳቢዎች ይገዙታል። ሄርኩለስ የተባለው ባሩድ አምራች አሮጌ ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ ያምራል፣ ሌላ ባሩድ እስካልተገለበጠበት ድረስ።

ይህ ሁሉ የእነሱ አገር ነገር ነው። እኛ ጋ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ጥይትም ይመለከተዋል። ከአዋጁ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሬት ላይ የሚገኝ ነገር ሁሉ የአያት ውጅግራ ላይሆን ይችላል። ልጅ ያገኘውን አይነካም፣ ቦታውን አስታውሶ ለትልቅ ሰው ይናገራል፣ ትልቁ ሰው ደግሞ ለፖሊስ። በፒንሳ መፈልቀቅ፣ እሳት ውስጥ መጣል፣ ቀለሃውን ለቁራሌው ለመሸጥ ብሎ መቀጥቀጥ የለም። ቀለሃው ቂጥ ላይ ያለችው መቀጣጠያ ትንሽ ብትሆንም ምት አትወድም፣ በስባሽ ባሩድ ደግሞ ጨርሶ አይታመንም።

የእኛዎቹን ሰባት አልነካናቸውም። ፖሊሶች ሰፈር ድረስ መጥተው ወሰዱልን። አጎቴ ቀለሃዎቹን ባዶ አድርገው እንዲመልሱለት አጥብቆ ለመነ፣ ሳቁበትና ሄዱ። ዝናሩ ሳሎን ተሰቅሏል፣ አጎቴም አሁን የመፋቂያ ማስቀመጫ አድርጎታል።