«በዋልቡርጋ ሌሊት ከዘነበ ዓመቱ መልካም ነው»

የጀርመን ገበሬዎች አባባል ነው። ሌሊቱ ኤፕሪል 30 ለሜይ 1 አጥቢያ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 22 ለ23፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዋዜማ መሆኑ ነው።

ዋልቡርጋ ከእንግሊዝ ወደ ጀርመን የሄደች መነኩሲት ናት። አባቷ በ720 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ሁለት ወንዶች ልጆቹን፣ ዊሊባልድንና ዊኒባልድን፣ አስከትሎ ሮምን ለመሳለም በመርከብ ተነሣ፤ ሮም ሳይደርስ ግን ጣልያን ውስጥ ሉካ ላይ ዐረፈ። ዊሊባልድ ኢየሩሳሌም ድረስ ዘለቀ፤ ሶርያ ሲደርስ ሖምስ ላይ ሰላይ ነህ ተብሎ ታስሮም ነበር። በመልሱ በቅል በለሳን ሞላ፤ ፈታሾች እንዳያውቁበትም ድፍድፍ ነዳጅ ያለበትን መቃ ከቅሉ አፍ እኩል አድርጎ ቆርጦ ከተተበት። የጢሮስ ፈታሾች ቅሉን ከፍተው ቢያሸቱት የመጣላቸው የነዳጅ ሽታ ብቻ ስለነበር አለፉት። ይህን ከራሱ አንደበት ሰምታ በ778 የጻፈችው የሃይደንሃይም ገዳም መነኩሲት ሁጌቡርክ ናት።

ገዳሙን በ752 የመሠረተው ዊኒባልድ ነው። በ761 ሲያርፍ ዋልቡርጋ ተረከበችው። እሷ ካረፈች ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ዐፅሟ ዊሊባልድ ጳጳስ ወደነበረበት ወደ አይሽቴት ፈለሰ። የዕረፍቷ በዓል ፌብሩዋሪ 25 ሲሆን ሜይ 1 የፍልሰተ ዐፅሟ መታሰቢያ ሆነ፤ አባባሉ የያዘውም ይህን ቀን ነው። ሌሊቱን የጠንቋዮች መሰብሰቢያ የሚያደርገው ወሬ ከሕይወቷ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ የቅድስት ስም በዚህ መጠራቱ ያሳዝናል።

ወደ ትርጉሙ ስንመጣ፣ የአንድ ሌሊት ዝናብ የዓመቱን ምርት አይወስንም። ገበሬው የሚፈራው ውርጭን ነው። በዚያ ሰሞን ፖም ያብባል፣ በመከር የተዘራው ስንዴ አገዳ እየሳበ ውሃ ይጠማዋል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ያለ እንደሆነ ምድር ቀን የያዘችው ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል። ንጋት ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ፣ ፍሬ የሚሆነው የአበባው እምብርት መጥቆር ይጀምራል። ደመና ግን ሙቀቱ እንዳያመልጥ ያግዳል፤ የራሰ አፈርም ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይይዛል። «የዋልቡርጋ ውርጭ ክፉ ቀለብ ነው» የሚለው ሌላው አባባላቸውም ይህንኑ ይናገራል።

ዝናቡ ሌሊቱን አልፎ ለቀናት ከቀጠለ አባባሉ አይሠራም፤ ንቦች ከቀፎ ስለማይወጡ አበባው ሳይዳቀል ይረግፋል።