ከካርቦን ወረቀት እስከ ቴሌብር፦ የሀዋሳ መሥሪያ ቤቶችና ተለዋዋጩ ቴክኖሎጂ

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በስሟ በሚጠራው ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። የተመሠረተችው በ1952 ዓ.ም. አካባቢ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪ በነበሩበት ጊዜ ነው ይባላል። ከይርጋለም የግዛቱን ዋና ከተማነት ከወሰደች ጀምሮ ቢሮ ተለይቷት አያውቅም። የሲዳሞ፣ ኋላም የደቡብ ክልል፣ አሁን ደግሞ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። ሰው ሀዋሳን በአሳዋና በሐይቋ ያውቃታል። ነገር ግን ከነዋሪዋ ብዙው እንጀራውን ያገኘው ከማኅተምና ከመዝገብ ጋር ሲታገል ነው።

ይህ ዳሰሳ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከታይፕ መኪና ተነሥተው ስልክ ላይ እስኪደርሱ ያለፉበትን መንገድ ይመለከታል። በመንገዱ ሁሉ አንድ ልማድ አይለወጥም። የሀዋሳ ቢሮ አዲስ መሣሪያ ሲመጣለት አሮጌውን አያሰናብትም። ወንበር አስጠግቶ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል።

የታይፕ ዘመን

በንጉሡም ሆነ በደርግ ጊዜ የአንድ ቢሮ ቴክኖሎጂ ማለት የአማርኛ ታይፕ መኪና፣ ካርቦን ወረቀት፣ ስቴንስልና የጠረጴዛ ስልክ ነበር። የአማርኛው ታይፕ ለፊደላችን ሁሉ የሚበቃ ቁልፍ አልነበረውም። ስለዚህ ታይፒስቷ ብዙውን ፊደል የምትሠራው ቆራርጣ ነበር። መጀመሪያ ግንዱን ትመታለች፣ ከዚያ ቅጥሉን ትጨምርበታለች። የድሮ ደብዳቤ ላይ ፊደሎቹ ትንሽ ተንጋደው የሚታዩት ለዚህ ነው።

በደብዳቤ ግርጌ የምናየው «ግልባጭ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ የእውነት ክብደት ነበረው። ግልባጭ የሚደርሳቸው አምስት ክፍሎች ከሆኑ ከዋናው ጋር ስድስት ወረቀትና አምስት ካርቦን ይደረደራል፣ ቁልፉም በኃይል ይመታል። አምስተኛው ቅጂ የሚደርሰው ክፍል ዓይኑን ጨፈን ከፈት እያደረገ ያነባል። ዛሬ ደብዳቤው ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ይላካል። «ግልባጭ» ግን ከነዝርዝሩ አሁንም ከግርጌው አለ።

የፊደሉ ጣጣ

ኮምፒውተር ወደ ቢሮዎቹ በስፋት የገባው በ1990ዎቹ ነው። መጀመሪያ የተረከበችው ጸሐፊዋ ናት። ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር አቧራ እንዳይገባው ጨርቅ ለብሶ ብዙ ጊዜ ከርሟል። ለብዙ ቢሮ ኮምፒውተር ማለት ስህተት ማረም የሚችል ታይፕ ነበር። እውነት ለመናገር ይህም ቀላል ነገር አልነበረም። አንድ ፊደል ለተሳሳተ ሰው ሙሉ ገጽ ከመድገም ተገላገለ ማለት ነው።

ችግሩ ፊደሉ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን አማርኛ የሚጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች የግዕዙን ፊደል በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ኮምፒውተሩ በልቡ የሚያውቀው ላቲን ነው፣ ዓይን ላይ የሚታየው ግዕዝ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ ሲከፈት እውነተኛው ገመና ይወጣል። የሁለት ሳምንት ሪፖርት የቅንፍ፣ የቃለ አጋኖና የአውሮፓ ፊደል ትርምስ ይሆናል። ስለዚህ ከዞን ወደ ክልል ሪፖርት ይዞ የሚመጣ ሰው በፍሎፒ፣ ኋላም በፍላሽ፣ ሰነዱንም ፎንቱንም አብሮ ይይዛል። ጠንቃቃው ደግሞ ከቤቱ አትሞ ይመጣል። ፍላሹ ከዚያ ሌላ መዘዝም ነበረው። ከቢሮ ቢሮ ቫይረስ የሚያዞረው እሱ ነው።

መፍትሔው ከሩቅ ነበር የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ደግሞ ኒያላ የተባለው ፎንት አብሮ መጣ። ከዚያ በኋላ አማርኛ የትም ቢከፈት አማርኛ ሆኖ ይነበባል። ቢሮዎቹ ግን ወዲያው አልተሻገሩም። በቪዥዋል ግዕዝ ጣቷ የለመደ ጸሐፊን አዲስ የቁልፍ አቀማመጥ ልመጂ ማለት እንደገና ፊደል ቁጠሪ ማለት ነው። ደግሞም የዓመታት ሰነድ በአሮጌው ተጽፏል። ዛሬም የድሮ ደንብ ወይም የደረጃ ዕድገት ቃለ ጉባኤ የሚፈልግ ሰው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ወዳለበት ክፍል ቢላክ አይደንቅም።

እዚህ ላይ ሲዳምኛ የተለየ ታሪክ አለው። የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነውና ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነው። ኮምፒውተሩ እንደመጣ ይጽፈዋል። ሲዳማ ክልል ሆኖ ሲዳምኛ የሥራ ቋንቋ ሲሆን አንዳንድ ጸሐፊዎች በአንድ ቀን ውስጥ ከግዕዝ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ግዕዝ ሲመላለሱ መዋል ጀመሩ። ለማሽኑ ቀላል የሆነው ለሰው ጣት ቀላል አይደለም።

ወረዳ ኔት፣ ፕላዝማና አይቤክስ

በ1990ዎቹ ማብቂያ መንግሥት ሁለት ትልልቅ የሳተላይት መረቦችን ዘረጋ። ወረዳ ኔት የወረዳ መስተዳድሮችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር በቪዲዮ ስብሰባና በኢንተርኔት ለማገናኘት ነበር። ስኩል ኔት ደግሞ ሁሉም በ«ፕላዝማ» የሚያውቀው የሁለተኛ ደረጃ የቴሌቪዥን ትምህርት ነው። የፕላዝማ ነገር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ደጋፊዎቹ የገጠሩና የከተማው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት አገኘ ይላሉ። ያ ትውልድ ግን የሚያስታውሰው በፈጣን እንግሊዝኛ የሚያስተምረውን ባለ ስክሪኑን መምህርና በሩ አጠገብ የቆመውን የክፍሉን መምህር ነው። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል።

ብዙ ያልተወራለት አይቤክስ ነው። ይህ የመንግሥት በጀትና ወጪ የሚመዘገብበት ሶፍትዌር ነው። የፋይናንስ ሠራተኞች በእጅ ይሞሉት የነበረውን ሌጀር ወደ ኮምፒውተር አዞረው። በእኔ ግምት ከሁሉ በላይ የሠመረው ለውጥ ይህ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የወሩ ሒሳብ ካልተዘጋ የሚጨነቀው ያው ሠራተኛው ራሱ ነው። መሣሪያው ምሽቱን ሲያስለቅቀው የማይወደው የለም።

ዩኒቨርሲቲው

በከተማዋ ከቴክኖሎጂ ጋር ረዥሙን መንገድ የተጓዘው ተቋም ያለ ጥርጥር ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ነው። በ1992 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጁ፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና የዲላ ኮሌጅ ተዋሕደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። በ1998 ዓ.ም. አሁን ያለውን ስም ያዘ። ዲላም ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ግቢዎቹ የተበታተኑ ናቸው። ዋናው ግቢ፣ የእርሻው፣ ሪፈራል የምንለው የጤናው፣ ወንዶ ገነት፣ ይርጋለም አጠገብ ያለው አዋዳና ዳዬ። ለእንዲህ ያለ ተቋም የመረጃ መረብ ቅንጦት አይደለም። ወንዶ ገነት የተማረ ሰው ማስረጃ ለማውጣት ዋናው ግቢ ድረስ ሲመላለስ ያየ ይህን ይረዳል።

የሬጅስትራር ለውጥ በደንብ የሚታየው በውጤት ቀን ነበር። ድሮ ውጤት በመታወቂያ ቁጥር ተዘርዝሮ ኖቲስ ቦርድ ላይ ይለጠፋል። ተማሪው በሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ ቁጥሩን ይፈልጋል። ቀኝ ጣት ቁጥሩ ላይ፣ ግራ ዓይን የጓደኛ ውጤት ላይ። ወረቀቱ እስከ ማታ በላብና በጣት ይጠቁራል። «ኤፍ» ያየ ሰው ዝም ብሎ ከሰልፉ ይወጣል፣ ሁሉም ያውቅበታል። አሁን ውጤቱ በስልክ ይታያል። ተማሪው ዶርም ተኝቶ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ያየዋል። ማንም ፊቱን አያይበትም። ከሥርዓቱ ፍጥነት ይልቅ ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለኛል።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ግቢዎችን ሲዘጋ እንደ ሌሎቹ የሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ትምህርቱን ያቆየው ቴሌግራም ነው። መምህሩ ሃንድአውቱን በግሩፕ ይለጥፋል፣ ተማሪው ኔትወርክ ሲያገኝ ያወርዳል። ጉብታ ላይ ወጥቶ ፒዲኤፍ ያወረደ የገጠር ተማሪ ጥቂት አይደለም። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ ይህም መንገድ ተዘጋ። ኮሮና ሲያልፍ ቴሌግራሙ ግን አልሄደም። ዛሬ የክፍል ተጠሪ ዋና ሥራው ግሩፕ ማስተዳደር ነው።

ቀጣዩ ግፊት የመጣው ከትምህርት ሚኒስቴር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተናውን በኮምፒውተር ይወስዳል። በ2016 ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን ተሰጠ። ለዩኒቨርሲቲዎች ይህ ቀልድ አልነበረም። እስከዚያ ድረስ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ የሚባለው በዋናነት የኮምፒውተርና የምህንድስና ተማሪ ቤት ነበር። አሁን የታሪኩም የእርሻውም ተማሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተራ በተራ ሊቀመጥበት ነው። ፈተና በኮምፒውተር ሲሆን መብራትም የፈተናው አካል ይሆናል። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሸክም ከብዙዎቹ በተሻለ ተሸክሞታል ብንል ማጋነን አይሆንም፣ ምንም እንኳ ሌላ ግቢ የተማሩ ወዳጆቼ ባይስማሙም።

ባንክና ማደያ

ባንክ ቤት አንድ ሰው ገንዘብ የሚያወጣው ደብተር ከከፈተበት ቅርንጫፍ ብቻ ነበር። ይርጋለም የከፈተ ሀዋሳ ቢቸግረው ይርጋለም ይሄዳል። ቅርንጫፎች በኔትወርክ ሲተሳሰሩ ይህ ቀረ። በምትኩ አዲስ ቃል መጣ፦ «ሲስተም የለም።» ይህ ሐረግ መልስም ነው፣ ይቅርታም ነው፣ የምሳ ሰዓት ማስታወቂያም ነው። «ሲስተም የለም፣ ከሰዓት ይሞክሩ» የተባለ ደንበኛ ማንን እንደሚቆጣ አያውቅም። ድሮ መዝገብ ቤቱ ፋይል ሲያጠፋ የሚቆጡት ሰው ነበር።

ባንኮችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም መሥራት ያዘ። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ በሀገር ደረጃ በይፋ መጡ። ከሁሉ የበለጠ ሰውን ያስገደደው ግን በሚያዝያና በግንቦት 2015 ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ሲቀር ነው። ሀዋሳ የባጃጅ ከተማ ናት። እስከዚያ ቀን ስልኩን ለመደወል ብቻ የሚጠቀም የባጃጅ ሹፌር በሳምንት ውስጥ ዲጂታል ከፋይ ሆነ። አሠራሩ ኮንትሮባንድን ቀንሷል የሚል አለ፣ ሰልፉን አረዘመ የሚልም አለ። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የትኛውን እንደሚያምን መገመት አያቅትም።

አንድ ማደያ ያየሁት እንዲህ ነው። ሹፌሩ ከፈለ፣ መልእክቱ አልመጣም። «ወንድሜ፣ ሜሴጁን አሳየኝ» ይላል ቀጂው። «ተቆርጧል እኮ፣ ሂሳቤን እየው» ይላል ሹፌሩ። ከኋላ ጥሩምባ ይነፋል። መልእክቱ በመጨረሻ ጢው አለ። ቀጂው አየው፣ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ከኪሱ ደብተርና እስክሪብቶ አውጥቶ የታርጋ ቁጥሩን በእጁ ጻፈ።

ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚበላ ሰው በቴሌብር መክፈል ከጀመረ ሰነባብቷል። እዚያ መመሪያ ያወጣ የለም። ዝርዝር ብር ስለጠፋ ነው የተለመደው።

ክልሉ ሲከፈል

በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ሰኔ 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ። የደቡብ ክልል ቢሮዎች ግን እስከ ነሐሴ 2015 ሀዋሳ ቆዩ። በመጨረሻ ክልሉ ፈርሶ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ ቢሮዎቹ ወደ ብዙ ከተሞች ተበተኑ። ንብረት ሲከፈል ወንበሩና መኪናው ተቆጥሮ ይከፈላል። መረጃ ግን አይቆጠርም። የኮምፒውተሩ ዳታ ተቀድቶ ለሁሉም ይደርሳል። ወረቀቱ አንድ ነው። የሠራተኛ ማኅደር ከሠራተኛው ጋር መሄድ አለበት፣ በሁለት ዞኖች መካከል የቀረ ጉዳይ ግን ከማን ጋር ይሂድ? ወረቀትን ቀድሞ ወደ ስካን የማዞር ጥቅም እንደዚያ ሰሞን ግልጽ የሆነበት ጊዜ የለም።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ

በሐምሌ 2008 የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙዎች የከተማዋ የቴክኖሎጂ ምልክት ያደርጉታል። እኔ ከቢሮዎቹ አጥር ሥር ያሉትን ጠባብ ሱቆች አስቀድማለሁ። መጀመሪያ ታይፕ ይመቱ ነበር። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ጨመሩ። ኢንተርኔት ሲመጣ ኢንተርኔት ቤት ሆኑ፣ በጥቅምት ዲቪ ሞሉ። ስልክ ሁሉም እጅ ሲገባ ኢንተርኔት ቤቱ የከሰረ መሰለ። አንዱም አልዘጋም። መሥሪያ ቤቶች ማመልከቻን ወደ ኦንላይን ሲያዞሩ ባለጉዳዩ እነሱ ጋ መጣ። የሚሞላው ቅጽ እንግሊዝኛ ነው፣ ፎቶው ልኩ ይህን ያህል ይሁን ይላል፣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ወይዘሮዋ ጉዳያቸውን ይናገራሉ፣ ልጁ ይጽፋል፣ የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ይሰጣቸዋል። እሳቸውም አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ይቋጥሩታል።

በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ በየጊዜው እየተጨመረበት ወደ ታች ወርዷል። ታይፕ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ስካን፣ ፓስፖርት ኦንላይን፣ የፋይዳ ፕሪንት። ታይፕ የሚለውን ያጠፋው የለም።