ሙቀት መላሽ የአየር ማናፈሻ በተገጣጣሚ ቤቶች፦ ከድሬዳዋ ሲታይ

ሙቀት መላሽ የአየር ማናፈሻ የቤቱን የታፈነ አየር እያስወጣ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ማሽን ነው። ሲያስወጣ ግን ሙቀቱን ያስቀርና ለገቢው አየር ያስረክባል። ስሙ ከተገጣጣሚ ቤቶች ጋርም ይነሣል። ሰው ፕሪፋብ የሚላቸው ማለት ነው። ግድግዳቸውና ጣሪያቸው ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፣ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፣ ቦታው ላይ በቡሎን ይታሰራል።

ማሽኑ የተወለደው ለብርድ አገር ነው። ድሬ ላይ ተቀምጦ ስለ እሱ ማውራት ሰኔ ላይ ጋቢ እንደ መደረብ ነው። ቢሆንም ፕሪፋብ ድሬም ገብቷል፣ ኤሲም (የአየር ማቀዝቀዣው) ገብቷል። ማሽኑ ድሬ ላይ ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ሳጥኑን ከፍቶ ላየው ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ቬንትሌተሮች አሉ። አንዱ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት ያገለገለውን አየር ይስባል። ሌላው የውጩን አየር ወደ መኝታ ቤትና ወደ ሳሎን ይገፋል። መሃል ላይ ሙቀት መለዋወጫው ተቀምጧል። ስስ የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ንጣፎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበውበታል። በአንዱ ክፍተት ወጪው አየር ያልፋል፣ በሚቀጥለው ገቢው። ሁለቱ አይቀላቀሉም። ሙቀቱ ብቻ ንጣፉን ዘልቆ ከሞቀው ወደ ቀዝቃዛው ይሻገራል። ደህና ማሽን ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ሙቀት ይመልሳል። እርጥበትንም አብሮ የሚያሻግር ንጣፍ ያላቸው ዓይነቶች አሉ።

ታሪኩ ከነዳጅ ዋጋ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 ነዳጅ ሲወደድ የብርድ አገር ሰዎች አየር እንዳያሾልክ ቤታቸውን መድፈን ጀመሩ። በ1977 ካናዳ ውስጥ ሳስካችዋን ላይ የተሠራው የሙከራ ቤት በጣም የተደፈነ ነበርና እንዲህ ያለ የአየር መለዋወጫ ተገጠመለት። በ1991 ደግሞ ጀርመን ዳርምሽታት ላይ የመጀመሪያው «ፓሲቭ ሃውስ»፣ ማለትም ለማሞቂያ እጅግ ጥቂት ኃይል የሚበቃው ቤት፣ ተሠራ። ከዚያ የወጣው መስፈርት ጥብቅ ነው። ቤቱ በ50 ፓስካል ግፊት ሲፈተሽ በሰዓት የሚያፈሰው አየር ከይዘቱ 0.6 እጥፍ መብለጥ የለበትም። ይህን ለማሟላት ፋብሪካ ውስጥ በልክ የተቆረጠ ግድግዳ ይመቻል። ፕሪፋብና ይህ ማሽን የተጋቡት በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱ ራሱ ስለማይተነፍስ የሚተነፍስለት ያስፈልገዋል።

እኛ ዘንድ የሚታየው ፕሪፋብ ግን ሌላ ዘመድ ነው። አብዛኛው ሳንድዊች ፓነል ነው። ሁለት ቆርቆሮ፣ መሃሉ ፎም። የሥራ ቦታ ቢሮ፣ የሠራተኛ ካምፕ፣ የጥበቃ ቤት ይሆናል። ፎሙ የፀሐይን ሙቀት ያዘገያል፣ እሱስ እውነት ነው። ግን ግድግዳው ቀላል ነው፤ እንደ ድንጋይ ሙቀት ውጦ አያቆይም። ከቀትር በኋላ በሩ ተዘግቶ የቆየ የፕሪፋብ ቢሮ ሲከፈት የሚወጣው አየር ፊትን ይገርፋል። የቆርቆሮ፣ የፎምና የላብ ሽታ አብሮት ይመጣል።

እስቲ ሒሳቡን እናስላ። ቤቱ ውስጥ 4 ሰው ይኖራል እንበል። ለአንድ ሰው በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር ብንይዝ 120 ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 0.34 ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ውጩ ከዜሮ በታች 10፣ ውስጡ 20 ዲግሪ በሆነበት አገር ልዩነቱ 30 ነው። አየሩን በመቀየር ብቻ 1,200 ዋት ያህል ያለማቋረጥ ይባክናል። 80 በመቶ የሚመልስ ማሽን 980 ዋት ገደማ ያድናል። ያ የአንድ ሂተር ሥራ ነው።

አሁን ወደ ድሬ እንምጣ። ግንቦት፣ ቀትር፣ ውጩ 36 ዲግሪ። ኤሲ ውስጡን 26 ላይ ይዞታል። ልዩነቱ 10 ብቻ ነው። ማሽኑ እዚህ በተቃራኒው ይሠራል፤ ወጪው ቀዝቃዛ አየር ገቢውን ያቀዘቅዘዋል። ወደ 325 ዋት ሙቀት ከበር ይመልሳል ማለት ነው። ኤሲ ግን በ1 ዋት መብራት 3 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያወጣ፣ የሚተርፈው መብራት 110 ዋት ገደማ ነው። ቬንትሌተሮቹ ራሳቸው 50 ያህሉን ይበላሉ። የቀረው 60 ዋት ነው። የአንድ የድሮ አምፖል! ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው ይሳሳል። እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ዝቅ ይላል።

ኤሲ ከሌለ ነገሩ ይብሳል። ሌሊት ውጩ 23 ዲግሪ ወርዷል። ቤቱ ግን ተዘግቶ ስለዋለ 30 ላይ ነው። ማሽኑ ሥራውን በታማኝነት ከሠራ ያንን የሚያምር የሌሊት አየር 28 ተኩል አድርሶ ያስገባልሃል። ለዚህ ሲባል ጥሩ ማሽኖች ማለፊያ መንገድ አላቸው። ሲከፈት አየሩ መለዋወጫውን ሳይነካ ይገባል። ድሬ ላይ ማለፊያው ከሌለው ማሽኑን አለመግጠም ይሻላል።

ድሮውንስ የድሬ ሰው ሌሊቱን መች ሰጠና! አልጋ አውጥቶ በረንዳ ላይ መተኛት የታወቀ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረው የከዚራ ሰፈርም ይህን ያወቀ ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ በረንዳ፣ መንገዱን የሚያለብስ ዛፍ። 50 ከምናምን ኪሎ ሜትር ሽቅብ ሐረር ስንሄድ ደግሞ ሌላ ጥበብ አለ። በግንብ የታጠረው የጥንቱ ከተማ፣ የጁገል፣ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ጣሪያው እንጨትና አፈር። በሩ ወደ ግቢው ይከፈታል። ቀን ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ) ላይ ለተቀመጠ ሰው ቀዝቀዝ ይላል፣ ማታ ግድግዳው የያዘውን ሙቀት ቀስ ብሎ ይለቃል። ሙቀት መላሹ ድንጋዩ ነው ማለት ይቻላል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቷ ይበርዳል፤ ግን ቤቱን በሂተር የሚያሞቅ ስለሌለ ማሽኑ የሚያተርፈው ወጪ የለም።

ታዲያ አየሩስ? እዚህ ላይ ነገሩ ከሙቀት ይሰፋል። በርጫን፣ ጫት የሚቃምበትን ስብሰባ፣ እንውሰድ። 4 በ4 የሆነ ክፍል፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል፣ 10 ሰው። ቁጭ ያለ ሰው በሰዓት 18 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። መስኮቱ ግጥም ብሎ ተዘግቶ ክፍሉም ፕሪፋብ ከሆነ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጠኑ ከውጩ አየር ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል። ወደ ማታ የሚመጣው የራስ መክበድ ሁሉ የጫቱ ብቻ አይደለም፣ አቦ! የቆርቆሮና የጭቃ ቤት በቀዳዳው ሁሉ ስለሚተነፍስ ይህ ብዙም አይታወቀንም ነበር።

ከዚህ የሚከፋው ከሰል ነው። ቡና ሲፈላ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዕጣን ይጨሳል። የተደፈነ ፕሪፋብ ውስጥ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ይገድላል። ማሽኑ ለ4 ሰው ትንፋሽ የተለካ እንጂ ለከሰል ጭስ አይደለም። ምድጃው በረንዳ ላይ ይውጣ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ማሽኑም ይቆማል፤ ያኔ መስኮቱ ካልተከፈተ ቤቱ የተከደነ ድስት ነው። ስለዚህ እዚህ አገር የሚተከል ፕሪፋብ ሁሉ ትይዩ የሚከፈቱ መስኮቶች ያስፈልጉታል። ጣሪያው ላይ ክፍተት ትቶ ሌላ የጥላ ቆርቆሮ መደረብም ከማሽኑ ብዙ ርካሽ ነው፣ ብዙም ይጠቅማል።

ማሽኑ የሚያዋጣበት ቦታም አለ። ኤሲው ቀን ከሌት የማይጠፋበት፣ መስኮቱ የማይከፈትበት፣ ብዙ ሰው የሚመላለስበት ክፍል። ለምሳሌ ላቦራቶሪ ወይም የመድኃኒት መጋዘን። ሰው ሲበዛ የሚቀየረው አየር ይበዛል፣ የሚድነውም እንደዚያው። በዚያ ላይ አየሩ በፊልተር አልፎ ይገባል፤ ለድሬ አቧራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አምራቾቹ ፊልተሩን በ6 ወር ወይም በዓመት ቀይሩ ይላሉ። ያ ለአውሮፓ አየር ነው። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው በነፋስ ሲነሣ ፊልተሩ ከዚያ በፊት ይደፈናል። ሲደፈን ቬንትሌተሩ ይጮኻል፣ አየሩ ይቀንሳል፣ መብራት ይበላል። ማሽኑን የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው ፊልተሩ ድሬ ውስጥ የት እንደሚገኝ ነው።