ቀለሙ የተላጠ የፓይን ደረጃ፦ የሚባለውና እውነታው

ሱሉልታ ያለው ቤታችን ውስጥ 13 መርገጫ ያለው የእንጨት ደረጃ አለ። ስንገባ በወፍራም ቡናማ የዘይት ቀለም ተለብጦ ነበር። ቀለሙን ልጠን ስንጨርስ ከሥሩ ቢጫማ፣ ጉጥ የበዛበት ፓይን ወጣ። በጣም ያምር ነበር። ያን ቀን ነው እንጨቱ እየታየ ይቅር፣ ስቴይን ቀብቼ በቫርኒሽ እዘጋዋለሁ ብዬ የወሰንኩት። ስቴይን የምለው እንጨቱን ሳይሸፍን ወደ ውስጥ ሰርጎ ቀለም የሚሰጠውን ማቅለሚያ ነው።

ወሬው እንደተሰማ ምክሩ ጎረፈ። ጎረቤቱም፣ ቀለም ሻጩም፣ አክስቴም የሚያውቁትን ነገሩኝ። ሁሉም በቅን ልቦና ነው። ግን አንዳንዱ ምክር ሁለት መርገጫ አበላሽቶ እንደገና አስፍቆኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩሽ የሚያነሳ ሰው ያንን ልፋት እንዳይደግመው እነዚህን አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ፓይን ማለት ጥድ ነው፤ ጥድ ደግሞ ምንም አይነካውም»

ይህ ስህተት ከትርጉም የመጣ ነው። ፓይን ብዙ ጊዜ «ጥድ» ተብሎ ይተረጎማል። የሐበሻ ጥድ ግን ሌላ ዛፍ ነው። በየአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግቢ የምናየው፣ ልቡ ቀላ ያለ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው እሱ ነው። ፓይን ግን ከውጭ የመጣ ነው። እኛ አገር በስፋት ከተተከሉት ዘሮች አንዱ የሆነው ፓቱላ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ እንጨቱ ለስላሳ ነው፤ ካልተጠበቀ ምስጥም እርጥበትም ይጎዳዋል። «የፈረንጅ ጥድ» የምንለው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ዛፍ ነው። ስለዚህ ለጥድ ወይም ለዋንዛ የሠራ ዘዴ ለፓይን ይሠራል ማለት አይደለም።

«ስቴይኑን ቀባ ቀባ ማድረግ ነው፤ እኩል ይይዛል»

እኔን ያጠፋኝ ይሄ ነው።

ፓይኑን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ነጣ ያለ ሰፊ መስመርና ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ነጣ ያለው ዛፉ በፍጥነት ሲያድግ የሠራው ነው። ለስላሳ ነው፣ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። ጠቆር ያለው ዝግ ብሎ ሲያድግ የሠራው ነው። ጠንካራ ነው፣ ፈሳሽ እምብዛም አያስገባም። ስቴይን ሲነካው ነጣ ያለው ይጠቁራል፣ ጠቆር ያለው እንዳለ ይቀራል። የእንጨቱ መልክ እንደ ድሮ ፎቶ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። በዚያ ላይ እዚህም እዚያም ደመና የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። የመጀመሪያ መርገጫዬ እንደዚያ ሆነ። እንጨቱ የታመመ ነበር የሚመስለው።

መፍትሔ አለው። ከስቴይኑ በፊት እንጨቱን በከፊል «ማጥገብ» ነው። አንድ እጅ የዘይት ቫርኒሽ በሁለት እጅ ማቅጠኛ በጥብጣችሁ በስሱ ቀቡት። ሲደርቅ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዳሰስ አድርጉት። ለስላሳው መስመር ቀድሞ ስለጠጣ ስቴይኑን እንደ በፊቱ አይውጠውም። ቀለሙ ትንሽ ፈካ ይላል፣ ግን ይስተካከላል። ሌላው አማራጭ እንደ ቅባት የረጋ ስቴይን ነው፤ ላይ ላዩን ስለሚቀመጥ በፓይን ላይ የተሻለ ይሆናል።

የኔን ሐሳብ ካላችሁ፣ ፓይንን በጣም ጥቁር ለማድረግ አትሞክሩ። ማር የሚመስል ወይም ፈካ ያለ ቡናማ ይበቃዋል። ፓይን ብርሃን ሲያገኝ ራሱም ከጊዜ ጋር እየጠቆረ ይሄዳል።

ከሁሉም በፊት ደግሞ በማይታይ ቦታ ሞክሩ። እኔ በኋላ ላይ ከደረጃው ሥር ባለው ዕቃ ማስቀመጫ በኩል ያለውን የእንጨቱን ጀርባ ተጠቀምኩ። ሙከራው ላይ ቫርኒሹንም ጨምሩ። የዘይት ቫርኒሽ ቀለሙን ወደ ቢጫ ስለሚወስደው ስቴይኑን ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል።

«ካልጠቆረልህ ሳትጠርገው ተወው»

አይሆንም። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ውስጥ፣ ቆርቆሮው ላይ እንደተጻፈው፣ የተረፈው በንጹሕ ጨርቅ መጠረግ አለበት። እንጨቱ ያልጠጣው ስቴይን ላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቫርኒሹ እንጨቱን ሳይሆን ያንን ሙጫ የመሰለ ነገር ይይዛል፤ በእግር ሲረገጥ አብሮ ይላጣል።

«ብርጭቆ ወረቀቱ በደቀቀ ቁጥር ያምራል»

ለጠረጴዛ ማጠናቀቂያ እውነት ሊሆን ይችላል። ከስቴይን በፊት ግን እንጨቱን ከመጠን በላይ ማለስለስ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ስቴይኑም መግቢያ ያጣል። በቁጥር 80 ጀምሩ፣ ወደ 120 እለፉ፣ 150 ላይ አቁሙ። ደረጃ ላይ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ከ80 በቀጥታ ወደ 150 አትዝለሉ፤ የ80ው ጭረት ስቴይን ሲጠጣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁልጊዜም የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ ፈግፍጉ። አግድም የተፈገፈገ ቦታ በዓይን አይታይም። ስቴይን ሲነካው ነው የሚወጣው።

«ቀለሙ ከተላጠ ተላጠ፤ ትንሽ ቢቀር ችግር የለውም»

በቀለም ለሚሸፍነው ሰው ችግር የለውም። ለስቴይን ግን አለው። በመስመሮቹ ውስጥና በማዕዘኖቹ የተደበቀ ቀለም ስቴይን አያስገባም። በኬሚካል ከላጣችሁም የኬሚካሉን ቅሪት መያዣው ላይ በተጻፈው መንገድ አጽዱ። አንዳንዱ ሰም አለው፤ ሰም ባለበት ምንም አይዝም።

እዚህ ጋ ቆም ልበልና አንድ ከባድ ነገር ልናገር። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ፣ ማለትም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ሊኖረው ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚገድበውን ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ደረጃ ካላችሁ ቀለሙን በደረቁ አትፈግፍጉት። በኬሚካል ወይም እያረጠባችሁ አንሱት፣ ማስክ አድርጉ፣ ልጆችን ከቤት አርቁ፣ አቧራውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ። የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ነገር ነው።

«ሰጋቱራና ኮላ ካለህ ስንጥቁን ትደፍናለህ»

ሁላችንም የምናውቀው ዘዴ ነው፤ ለቀለም ይሠራል። ለስቴይን ግን ኮላው ቀለም አይጠጣም። የደፈናችሁት ቦታ ሁሉ ነጣ ብሎ ይቀራል። ስንጥቅና የምስማር ቀዳዳ ስቴይኑና የመጀመሪያው ቫርኒሽ ካለፈ በኋላ፣ ከደረሰበት ቀለም ጋር በሚመሳሰል የእንጨት መሙያ ድፈኑ። ኮላ እንጨቱ ላይ ቢፈስባችሁም ያው ነው። በእርጥቡ ጥረጉት።

ጉጦቹንም አትርሱ። የፓይን ጉጥ ሙጫ አለው፤ ሲሞቅ ይተፋል። ስቴይኑ ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽ ከመጀመራችሁ በፊት ሰም የሌለው ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ ቫርኒሽ ነው) በስሱ አስነኩት።

«ናፍጣም ያቀጥነዋል»

ጎረቤቴን «ጋሼ፣ ማቅጠኛ አልቆብኛል» ስላቸው «ልጄ፣ ናፍጣ ጨምርበት፤ እኛ በእሱ ነው የኖርነው» አሉኝ። አክብሬ ሰማኋቸው፣ ግን አላደረግኩትም። ናፍጣና ነጭ ጋዝ ሲተኑ ቅባት ይተዋሉ፤ ቫርኒሹ ለቀናት ይጣበቃል፣ ከደረቀም ደካማ ነው። ቤንዚን ደግሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ እሳት መጥራት ነው። ቆርቆሮው የሚለውን ማቅጠኛ ግዙ። እንደ አጥር እንጨት ለምስጥ ብላችሁ የተቃጠለ ዘይት የምትቀቡም ካላችሁ፣ ደረጃ ላይ አታድርጉት። ከዚያ በኋላ ቫርኒሽ አይዝም።

«ቫርኒሽ ቫርኒሽ ነው»

በአልኮል የሚሟሟው የሼላክ ቫርኒሽ ለወንበር እግር ቆንጆ ነው። ደረጃ ግን ይረገጣል፣ በውሃ ይወለወላል። ሼላክ ውሃ ሲቆምበት ይነጣል፤ ትኩስ ጀበና ቢቀመጥበት ክብ ምልክት ይተዋል። ለደረጃ ፖሊዩሬታን የሚባለው ጠንካራ ቫርኒሽ፣ ያውም ለወለል የተሠራው ነው የሚሻለው። በውሃ የሚቀጥነውን ከመረጣችሁ ሥሩ ያለው የዘይት ስቴይን በደንብ መድረቁን አረጋግጡ፤ አለዚያ ይላጣል።

የሚያብረቀርቀው ይጠነክራል የሚባለውም ደረጃ ላይ ለመወሰን አይበቃም። ልዩነቱ ትንሽ ነው። የሚያብረቀርቀው ጭረትን ያሳያል፤ በካልሲ ሲረገጥ ያንሸራትታል። እናቴ በዚያ ደረጃ ላይ ስለምትወርድ ለመጨረሻው ድርብ ደብዛዛውን መረጥኩ። መርገጫው ጫፍ ላይም የማያንሸራትት ቴፕ ለጠፍኩ።

«አንድ ጊዜ ወፈር አድርገህ ቀባና ፀሐይ ይምታው»

ወፍራም ቫርኒሽ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ይጨማደዳል። ሦስት ስስ ድርብ ይበልጣል። የመጀመሪያውን 10 በመቶ ያህል አቅጥኑት። በየድርቡ መካከል በ220 ዳሰስ አድርጉ፤ አቧራውን በደንብ አንሱ። ቆርቆሮውን አትናጡት፣ በእንጨት ቀስ ብላችሁ አማስሉት፤ የተናጠ ቫርኒሽ አረፋ ይዞ ይደርቃል። በመስኮት የሚገባ ቀጥተኛ ፀሐይም አረፋ ያወጣል።

የዘይት ቫርኒሽ የሚጠነክረው ማቅጠኛው ስለተነነ ብቻ አይደለም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው። ብርድና እርጥበት ያንን ያዘገዩታል። ከእንጦጦ ጀርባ ያለነው ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሰዓት ላይ አትጀምሩ፤ ሌሊቱ ሳይደርቅ ይይዘዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ሞቅ ሲል፣ ነፋስ እንዲገባ ከፍታችሁ ጀምሩ።

«እጅ ላይ ካልተጣበቀ ደርቋል»

ለመርገጥ እንጂ ለመገልገል አልደረሰም። ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈጃል። ምንጣፍ አታንጥፉ፣ ቁምሳጥን እየጎተታችሁ አታውጡ፣ በውሃ አትወልውሉ። እኛ አንዱን መርገጫ እየዘለልን ቀባን፤ ያልተቀባውን እየረገጥን ወጣን፤ በሌላ ቀን ቀሪውን ጨረስን። እናቴ ግን መዝለል ስለማትችል እነዚያን ቀናት ምድር ቤት አደረች።

የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ ደግሞ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ። በዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ሲቀመጥ ሲደርቅ ራሱን በራሱ እያሞቀ ሊቀጣጠል ይችላል። እኛ ግቢ ውስጥ፣ ከቤቱ ራቅ አድርገን፣ አጥሩ ሽቦ ላይ አንድ በአንድ ዘርግተን አሰጣነው። እንደ ካርቶን ድርቅ ካለ በኋላ ነው የጣልነው።